ፕሬሱን አትውቀሱት፦ የቤት በርገር የሚያበላሹ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ውስጥ በርገር እሸጣለሁ። ስለዚህ የበርገር ፕሬስ የገዛ ሰው ሁሉ ቅሬታውን ይዞ እኔ ጋ ይመጣል። «ይሰባበራል»፣ «ይደርቃል»፣ «መሃሉ ያብጣል»። ፕሬሱ እኮ ሁለት ክብ ብረትና አንድ እጀታ ነው። ሥራው ሥጋው እኩል ውፍረት እንዲኖረው ማድረግ ብቻ ነው። ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ሥጋ ቤት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልናደድ ነውና ታገሱኝ። ሰው ሥጋ ቤት ገብቶ «ቀይ ሥጋ፣ ጮማ እንዳይነካው» ይላል። ባለ ሥጋ ቤቱም ለክትፎ መስሎት ጅማቱንም ስቡንም ጠራርጎ፣ ደጋግሞ ፈጭቶ አልሞ ይሰጠዋል። ለክትፎ ይሁን፤ ቅቤው በኋላ ይመጣለታል። በርገርን ግን ከውስጥ የሚያርሰው የራሱ ስብ ነው። ስብ የሌለው ሥጋ መጥበሻ ላይ ሲወጣ ይኮማተርና ይደርቃል። አንዲት ጎረቤቴ ለልጇ ልደት ጭቅና አስፈጭታ መጣች። ጭቅና! በዛሬ ዋጋ! ልጆቹ ዳቦውንና ድንቹን በልተው ሥጋውን ሰሃን ላይ ተዉት። እሷም ፕሬሱን ወቀሰች።

የሚፈለገው ከ1 ኪሎ ውስጥ 800 ግራም ያህሉ ቀይ፣ 200 ግራም ያህሉ ስብ ነው። ወርች ወይም ፍሪምባ ይሁን፤ ስብ ካነሰው ሻኛ ይጨመርበት። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀዳዳው ሰፋ ባለው ማሽን ይፈጭ። ባለ ሥጋ ቤቱ ቢስቅባችሁም አትሸነፉ። ግን አደራ፣ «ስብ ጨምርልኝ» ስትሉት ሞራ እንዳይሰጣችሁ። ሞራ ቶሎ ይረጋል። በእኛ ብርድ ደግሞ በልታችሁ ሳትጨርሱ ላንቃችሁ ላይ ይለጠፋል።

የበግ በርገር የሚወዱም አሉ። የመንዝ በግ ላት ጥሩ ስብ ነው። ከበዛ ግን ሽታው ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል።

ቀጥሎ ያለው ስህተት ሥጋውን ሳያቀዘቅዙ መጀመር ነው። እኛ ጋ ጠዋት የታረደው ቀን ላይ ይበላል፤ ለጥሬ ሥጋ ወዳጅ ከዚያ በላይ ምን አለ? ለብ ያለ ሥጋ ለፕሬስ ግን አይሆንም። ስቡ ይቀባባል፣ ብረቱ ላይ ይጣበቃል፣ ስታላቅቁት ግማሹ እዚያው ይቀራል። ፍሪጅ ገብቶ በደንብ ይቀዝቅዝ። «የእኛ ወጥ ቤት በኅዳርና በታኅሣሥ ራሱ ፍሪጅ ነው» የሚሉኝ አሉ። ሌሊት ልክ ናቸው፤ ቀን ፀሐይ ሲወጣ ግን አትመኑት። ጣርማ በርን ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ከሆናችሁማ ነገሩ የጣዕም ብቻ አይደለም። በዚያ ሙቀት የተፈጨ ሥጋ ውጭ አይቆይም፤ ከሥጋ ቤት ቀጥታ ወደ ፍሪጅ።

ጥሬ ሽንኩርት ከትፋችሁ አትቀላቅሉ። ውሃ ያወጣና ሥጋውን ይሰነጣጥቀዋል። ንጥር ቅቤም ውስጡ አይገባም፤ ቀልጦ ይወጣና ክፍተት ጥሎ ይሄዳል። ከወደዳችሁት ዳቦውን ቀቡበት።

ጨው ቀድሞ ከታሸበት ሥጋው እርስ በርሱ ይያያዝና ቋሊማ ይሆናል። ቅርጹን ከያዘ በኋላ፣ መጥበሻ ላይ ሊወጣ ሲል ከላይ ከታች ነስንሱበት።

ፕሬሱ ላይ ከሥርም ከላይም የመጋገሪያ ወረቀት ይኑር። ሥጋውን በሚዛን ለኩ፤ 120 ግራም ጥሩ ነው። አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ከሆነ አንዱ ሲያር ሌላው ጥሬ ይቀራል። ሙሉ ክብደታችሁን አትጣሉበት፤ ጠርዙ ላይ ከደረሰ በቃ። ሥጋው ሲበስል ስለሚሰበሰብ ከዳቦው ትንሽ ይስፋ። መሃሉን በአውራ ጣት ጎድጎድ አድርጉት፤ ያ «ያብጣል» የሚሉት ነገር በዚህ ይቀራል።

መጥበሻው ላይ ካረፈ በኋላ በጭልፋ የሚጫነውን ሰው ግን ምን ልበለው? ያ ሲንጫጫ ደስ የሚለው ድምፅ ጭማቂው እየሄደ ነው። አንድ ጊዜ ገልብጡትና ተዉት።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው። «እኛ ጥሬ ሥጋ የምንበላ ሰዎች ነን፣ መሃሉ ቀይ ቢሆን ምን አለበት?» ይላሉ። ባልተፈጨ ሥጋ ላይ ያለው ጀርም በአብዛኛው ፊቱ ላይ ነው። ሲፈጭ ግን የውጩ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ማሽኑ ላይ የነበረውም ይጨመርበታል። የኮሶ መድኃኒት ደግሞ ለኮሶ እንጂ ለባክቴሪያ አይሆንም። መሃሉ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይድረስ። ቀለሙ ያታልላል፤ ቴርሞሜትር ግዙ።

አንድ ወጣት ቴርሞሜትሩን በፈላ ውሃ ሞክሮ 91 ሲያሳየው «ተበላሽቷል» ብሎ ሊጥለው ነበር። እቃው ደህና ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ90 እና በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። 100 ካሳያችሁ ነው መጠራጠር።

ቅበላ ላይ የተረፈውን ለፋሲካ ማቆየት ይቻላል። በየመሃሉ ወረቀት አድርጋችሁ፣ አየር በማያስገባ ነገር ጠቅልላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት። 55ቱን ቀን ይቆያል፣ መብራት ካልጠፋ። መብራት ጠፍቶ ቀልጦ፣ ለብ ብሎ ካገኛችሁት መልሳችሁ አታቀዝቅዙት፤ ጣሉት። በዚያው ፕሬስ የምስር በርገር ልሥራ የምትሉ ደግሞ እናታችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለጾሙ ሌላ ፕሬስ ይኑር፤ ርካሹ የፕላስቲክ ይበቃል።