አንድ ማርሽ ለኮምቦልቻ ይበቃል

ኮምቦልቻ ውስጥ ሳይክል የሚነዳ ሰው 21 ማርሽ አያስፈልገውም። አንድ ይበቃዋል። ይህን የምለው ዕቃ ስለጠፋ ወይም ብር ስላጠረን ብቻ አይደለም። ዕቃውም ብሩም ቢኖር የምመርጠው ይህንኑ ነው። አንድ ማርሽ ያለው ሳይክል ስትረግጡት ድምፅ የለውም፣ ይቀላል፣ ማታ እንዳቆማችሁት ጠዋት ታገኙታላችሁ። ዳገት በመጣ ቁጥር የትኛውን ልጫን ብላችሁ አታስቡም። ትረግጣላችሁ፣ ይሄዳል።

ሥራዬ ቶርኖ ቤት ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ደጃፌ ላይ ሳይክል እጠግናለሁ። ከሚመጡልኝ ውስጥ አብዛኞቹ ከፊት ሦስት፣ ከኋላ ሰባት ጥርስ (ካቴናው የሚዞርበት ጥርሳም ክብ) የተደረደረባቸው ማውንቴን የሚባሉት ናቸው። "ጋሼ፣ ካቴናው ይዘላል" ይለኛል ልጁ። ጎንበስ ብዬ ሳየው የማርሽ መቀየሪያው ክንድ ወደ ውስጥ ታጥፎ የጎማውን ሽቦ ሊነካ ደርሷል። ገመዱ ዝጓል። ከሰባቱ ጥርስ የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው፣ ሌሎቹ ጭቃና ዘይት ተጋግሮባቸዋል። ልጁ እስካሁንም ሲነዳ የከረመው በአንድ ማርሽ ነው ማለት ነው፤ የማይሆነው ማርሽ ላይ ተቀርቅሮ እንጂ። አብሽር እለዋለሁ፣ ይስተካከላል።

መጀመሪያ ሁለቱን ዓይነት እንለይ። አንደኛው ተራው ባለ አንድ ማርሽ ነው። እግራችሁን ስታሳርፉ ጎማው ብቻውን ይሽከረከራል፣ ከኋላም ያ "ክርርር" የሚለው ድምፅ ይሰማል። የድሮዎቹ ጥቁር የቻይና ሳይክሎች እንዲህ ነበሩ። እኔ ያደግኩት ቆቦ ሜዳ ላይ ስለሆነ ያንን ድምፅ ሳልሰማ የዋልኩበት ቀን ያለ አይመስለኝም። ሁለተኛው ቋሚ ማርሽ ነው። የኋላው ጥርስ ከጎማው ጋር ተጣብቆ የታሰረ ነው። ጎማው ከዞረ ፔዳሉ ይዞራል፣ ፔዳሉ ከዞረ እግራችሁም ይዞራል። ማረፍ የሚባል ነገር የለም። ፍጥነት መቀነስ ስትፈልጉ ፔዳሉን ወደኋላ ትቋቋሙታላችሁ።

ይህ ሁሉ የድሮ ሰው ነገር የሚመስለው ካለ አንድ ነገር ልንገረው። የፈረንሳዩ የሳይክል ውድድር ቱር ደ ፍራንስ ላይ ማርሽ መቀየሪያ የተፈቀደው በ1937 እ.ኤ.አ. ነው። የውድድሩ መሥራች ኦንሪ ዴግራንዥ አጥብቆ ይቃወመው ነበር። ከዚያ በፊት ጋላቢዎቹ ከኋላ ጎማው ግራና ቀኝ የተለያየ ጥርስ ያስሩ ነበር። ተራራው ሥር ሲደርሱ ይወርዱና ጎማውን ፈትተው፣ ገልብጠው፣ መልሰው አስረው ይወጣሉ። እነዚያ ሰዎች አልፕስን የወጡት እንዲህ ነው። ጃፓን ውስጥ ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄደው ኬሪን የሚባለው ውድድር ደግሞ ዛሬም በቋሚ ማርሽ፣ ያለ ፍሬን ነው። በኦሎምፒክም በትራክ (ለውድድር ብቻ በተሠራ ዙሪያ መሮጫ) ላይ የሚሮጡት ሳይክሎች እንደዚሁ ናቸው። ግን ትራክ ላይ ባጃጅ አይገባም። ወደ ፍሬኑ ጉዳይ እመለሳለሁ።

ዋናው ጥያቄ የጥርስ ቁጥር ነው። ሰው ብዙ የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው፣ ጊዜ ወስዶ ማሰብ ያለበትም እዚሁ። የፊቱ ክብ ላይ ያሉትን ጥርሶች ቆጥራችሁ ለኋላው ቁጥር ታካፍላላችሁ። 42 ለ18 ሲካፈል 2.33 ይሆናል። ፔዳሉን አንድ ዙር ስትረግጡ የኋላው ጎማ ሁለት ዙር ከሩብ አለፍ ብሎ ይዞራል ማለት ነው። ከዚያ የጎማውን ዙሪያ ለኩ። የጎማው መንፊያ መሬት ላይ ትክክል ሲሆን በጠመኔ ምልክት አድርጉ፣ አንድ ዙር ግፉት፣ መንፊያው ተመልሶ ታች ሲደርስ ሌላ ምልክት አድርጉና በሜትር ለኩት። 26 ቁጥር ጎማ 2.05 ሜትር ገደማ ይሰጣችኋል። ሁለቱን አባዙ። በ42 ለ18 አንድ ርግጫ 4.8 ሜትር ያህል ይወስዳችኋል። በደቂቃ 75 ጊዜ ብትረግጡ በሰዓት 21 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ለከተማ ከዚህ በላይ ፍጥነት ምን ያደርጋል?

ለኮምቦልቻ የምመክረው ይህንኑ 42 ለ18ን ነው። ከተማው በአብዛኛው ሜዳ ነው፣ ወደ ቦርከና ዳር ወርዶ መመለስም አያደክምም። ከኋላ ጀሪካን ወይም ልጅ የሚጭን ሰው ግን 34 ለ16 ያድርግ፣ 4.4 ሜትር አካባቢ ይሆናል። ቆቦ ያላችሁ፣ ሜዳችሁ ማለቂያ የለውምና 42 ለ16 ያዙ፤ በአንድ ርግጫ 5.4 ሜትር ትሄዳላችሁ። ከወዳጆቼ ቅር የሚለው እንዳለ አውቃለሁ፣ ደሴን ግን ለዚህ አላጭም። ቤቱና ሥራው በአንድ መንገድ ላይ ሆኖ መንገዱም የተስተካከለ ከሆነ 34 ለ20 ይሞክር። ከፒያሳ ሽቅብ የሚኖር ሰው ባለ ብዙ ማርሹን ባይነካው ይሻለዋል። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነች፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ገደማ። መሐሉ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። በመሐል ያለውን የሐረጎን ዳገት በአንድ ማርሽ የሚወጣ ጎረምሳ አይጠፋም፣ ወርዶ መግፋትም ነውር የለበትም። ጉልበትን ለማያልቅ ዳገት መገበር ግን አያዋጣም።

አሁን ወደ ሥራው። ገመዱን፣ የፊትና የኋላ ማርሽ መቀየሪያውን፣ መሪው ላይ ያሉትን መጫኛዎች በሙሉ አውርዱ። መቀየሪያውን ግን አትጣሉት፣ ሊያስፈልግ ይችላል። የኋላውን ጎማ አውጡ። ሰባቱ ጥርስ አንድ ላይ ተያይዘው በጥርብ (እንደ ብሎን በተጠመዘዘ መስመር) የታሰሩ ናቸው። ጥርስ ያለውን መፍቻ ሞርሳ ላይ እሰሩና ጎማውን እላዩ ላይ አስቀምጣችሁ፣ እንደ መኪና መሪ በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ግራ አዙሩት። ብዙ የተነዳ ሳይክል ይጠብቃልና ሁለት ሰው ሁኑ። በዚያው ጥርብ ላይ የአንድ ማርሹ ጥርስ ይገባል። ጥርቡን ጠርጋችሁ ግራሶ ቀቡት፣ በእጅ ጀምሩት። በእጅ አልገባ ካለ ተጣሟልና መልሱት፣ በቁልፍ አታስገድዱት።

ካቴናውን ተጠንቀቁ። ለባለ ብዙ ማርሽ የሚሠራው ካቴና ውስጡ 2.4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፣ የድሮው ሳይክል ደግሞ 3.2። ቀጭኑ ካቴና ወፍራሙ ጥርስ ላይ አይቀመጥም። ከመግዛታችሁ በፊት ካቴናውን ይዛችሁ ሄዳችሁ ጥርሱ ላይ ሞክሩት።

ቀጥሎ ከሳይክሉ በስተጀርባ ቁጭ በሉና በአንድ ዓይን ካቴናውን ተመልከቱ። ከፊት እስከ ኋላ ቀጥ ማለት አለበት። አዲሱ ጥርስ ወደ ጎማው ሽቦ የተጠጋ ስለሚሆን፣ ከፊት ካሉት ከሦስቱ ትልቁ ላይ ካስገባችሁት ይጣመማል። ብዙ ጊዜ መሐለኛው ይስማማዋል፣ እሱም ብዙውን ጊዜ 34 ጥርስ ነው። 42ቱን የፈለገ ሰው ቡሎኖቹን ፈትቶ መሐለኛውና ትልቁ ቦታ ይቀያየሩ እንደሆነ ይሞክር። በሪቬት የተመቱት ግን አይፈቱም። ትንሽ ከጎደለ አክስሉ ላይ ያሉትን ሮንዴላዎች ከቀኝ ወደ ግራ ማዛወር ይቻላል። ያን ጊዜ ጎማው ወደ አንድ ጎን ይሄዳልና ሽቦው እንደገና ይወጠራል። የተጣመመ ካቴና ይጮኻል፣ ይበላል፣ አንድ ቀንም መስቀለኛ መንገድ ላይ ወልቆ ይጥላችኋል።

ከዚያ አክስሉ የሚገባበትን ስንጥቅ እዩ። ወደ ፊትና ወደ ኋላ የተከፈተ ከሆነ እድለኛ ናችሁ። ጎማውን ወደ ኋላ ስባችሁ ዳዶውን ማጥበቅ ነው። ካቴናው መሐሉ ላይ በጣት ሲነካ ወደ ላይና ወደ ታች አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይጫወት። ፔዳሉን ቀስ ብላችሁ እያዞራችሁ ደጋግማችሁ ለኩ፣ ምክንያቱም የፊቱ ጥርስ ፍጹም ክብ አይደለም። የሚላላበትም የሚጠብቅበትም ቦታ አለው። አንዱን ሴንቲ ሜትር የምታወጡት በሚጠብቅበት ቦታ ላይ ነው። ስንጥቁ ቁልቁል የተከፈተ ከሆነ ግን ጎማውን መሳብ አይቻልም። ያኔ ነው አትጣሉት ያልኳችሁ መቀየሪያ የሚጠራው። ያለ ገመድ መልሳችሁ እሰሩት፣ በሁለቱ ትናንሽ ብሎኖቹ ከጥርሱ ትይዩ እንዲቆም አድርጉት። ካቴናውን ወጥሮ ይይዛል።

ቋሚ ማርሽ የሚፈልግ ካለ ይህ አይሠራለትም። በቋሚ ማርሽ እግር ወደኋላ ሲቋቋም የታችኛው ካቴና ይወጠራል፣ መቀየሪያውንም ይሰብረዋል። ቋሚው የግድ ወደ ኋላ የሚሳብ ጎማ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ። ልጆች ተራውን ጥርስ ይዘው ይመጡና "በይድልኝ፣ ቋሚ ይሁን" ይሉኛል። አልበይድም። ጥርሱ በጥርብ የታሰረ ነው። ወደ ፊት ስትረግጡ ይጠብቃል፣ ወደኋላ ስትቋቋሙ ይፈታል። እውነተኛው የቋሚ ማርሽ ጎማ ሁለተኛ ጥርብ አለው፣ እሱም በተቃራኒ የሚዞር። እዚያ ላይ የሚገባው ቀለበት ጥርሱ እንዳይፈታ ይዘጋዋል። ያ ከሌለ ልትቆሙ ስትቋቋሙ ጥርሱ ተፈትቶ ፔዳሉ ባዶውን ይዞራል፣ ከፊት ደግሞ አይሱዙ ይመጣል። በብየዳ የሚመጣ ቋሚ ማርሽ ለማንም አይሁን።

በትክክል የተሠራው ግን ልዩ ነገር ነው። ጎማው አስፋልቱን ሲነካ፣ ጠጠር ሲገጥመው፣ ነፋስ ሲገፋችሁ በእግራችሁ ትሰሙታላችሁ። ቀስ ብሎ መሄድ ራሱ ይጣፍጣል፤ ገበያ መሐል በሰው ፍጥነት እየተንፏቀቁ ለማለፍ ከሱ የበለጠ የሚስማማ ሳይክል አላየሁም። ፔዳሉን መርገጥ ሳይሆን ከሳይክሉ ጋር መራመድ ነው የሚመስለው። ይህንን ያልቀመሰ ሰው በቃል ቢነገረው አይገባውም፣ ስለዚህ ይሞክረው እላለሁ።

ስትጀምሩ ኮርቻውን ትንሽ ዝቅ አድርጉ። ጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ፣ ሜዳ ላይ ተለማመዱ። እግር ድንገት እንዳይቆም። ካቆማችሁት ፔዳሉ ያነሳችኋል። ለመውረድ ከሩቅ ጀምራችሁ ቀስ በቀስ ተቋቋሙ። ኩርባ ላይ በጣም አትዘንበሉ፣ ፔዳሉ ስለማያርፍ መሬት ይነካል። ሽርጥ የሚለብስ ሰው ጠቅልሎ ያስገባው። ካቴና የያዘውን ጨርቅ በቋሚ ማርሽ እግር አቁሞ ማዳን አይቻልም። የፊት ፍሬን የግድ ነው፣ ማንም ምንም ቢል።

ሐረጎን ቁልቁል በቋሚ ማርሽ አትውረዱ። ሒሳቡ ቀላል ነው። በ42 ለ18 በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስትወርዱ እግራችሁ በደቂቃ 140 ጊዜ ገደማ ይዞራል። 60 ከደረሰ ከ200 ያልፋል። እግር እዚያ አይደርስም። ተራው ባለ አንድ ማርሽ በሁለት ጥሩ ፍሬን ይወርዳል።

በቋሚ ማርሽ እግር ቆልፈው የኋላውን ጎማ ማንሸራተት የሚወዱ አሉ። እነሱም የጥርስ ቁጥር ይምረጡ። 42 ለ18 ሲቃለል 7 ለ3 ነው፣ ስለዚህ ሁልጊዜ ያው እግር ከፊት ሆኖ ከተቆለፈ ጎማው የሚበላው ሦስት ቦታ ላይ ብቻ ነው፣ ቶሎም ይቀደዳል። በ42 ለ17 መፋቁ 17 ቦታ ላይ ይከፋፈላል። ጎማ በዚህ ዋጋው ሰዓት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እንክብካቤው ጥቂት ነው። ካቴናውን በላምባ እጠቡ፣ አድርቁ፣ በየመጋጠሚያው ንጹሕ ዘይት ጠብ አድርጉና ከላይ ያለውን በጨርቅ ጥረጉት። የተቃጠለ የሞተር ዘይት አትቀቡ፣ አቧራ ይሰበስብና ጥርሱን እንደ ሞረድ ይፈቀዋል። አልፎ አልፎ ካቴናውን በማስመሪያ ለኩት። ከአንዱ ፒን ተነስታችሁ 20 መጋጠሚያ ስትቆጥሩ አዲስ ከሆነ 25.4 ሴንቲ ሜትር ነው። ወደ 25.6 ሲጠጋ ቀይሩት። በመጨረሻም 15 ቁጥር ቁልፍ ከኮርቻው ሥር እሰሩ። የኋላው ጎማ በዳዶ የታሰረ ስለሆነ መንገድ ላይ ቢተነፍስ ያለ ቁልፍ ጎሚስታ ጋ እስክትደርሱ መግፋት ነው።