የባሕር ካያክ ከሰዓት በኋላ አልታዘዝ ሲል፤ ችግርና መፍትሄ

ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ወርዶ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ መቅዘፍን የመሰለ ደስታ አላውቅም። ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ዐለት በቀጥታ ወደ ባሕር በሚገባበት በጉቤት በኩልም ሆነ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ዌል ሻርክ የተባለው ግዙፍ ዓሣ በሚመላለስበት በአርታ አቅራቢያ፣ ያ ጠረፍ ለካያክ፣ ማለትም ለጠባቡና ረጅሙ የቀዘፋ ጀልባ፣ የተፈጠረ ይመስለኛል። ሆኖም ጠዋት ቀጥ ብሎ ይሄድ የነበረው ጀልባ ከሰዓት በኋላ የጎን ነፋስ ሲመጣ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ እያዞረ የሚያስቸግርበት ጊዜ አለ፤ ቀዛፊውም ክንዱ የዛለ ይመስለዋል።

ምክንያቱ ግን ክንድ አይደለም። ካያክ ወደ ፊት ሲሄድ አፍንጫው ገና ያልተነካውን ውሃ እየሰነጠቀ ስለሚገባ በውሃው ግፊት ይያዛል፤ ጭራው ግን ጀልባው ባለፈበት በላላ ውሃ ላይ ስለሚገኝ ነፋስ በቀላሉ ይገፋዋል። ጭነት ሲጨመርበት ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ከመንደር በራቀው ጠረፍ የሚጠጣ ውሃ ስለማይገኝ ሁሉም ውሃውን ይዞ ይወርዳል፤ በየዕረፍቱ ከኋላው የዕቃ ክፍል ብቻ 4 ሊትር የጠጣ ሰው ጭራውን በ4 ኪሎ አቅልሎታል፤ የባሕሩ ነፋስ የሚበረታውም በዚያው ሰዓት ነው።

መፍትሄው ውሃውን ከፊትና ከኋላ እያፈራረቁ መጠጣት ነው። ባሕር ላይ ሳሉ ከጀልባው ሆድ ሥር የሚወርደውን ክንፍ፣ ማለትም ስኬጉን፣ በጥቂቱ ዝቅ ማድረግ፤ ካልበቃም ጀልባውን ነፋሱ ወደሚመጣበት ጎን በመጠኑ አጋድሎ በዚያው ጎን ሰፊ ቀዘፋ መቅዘፍ ይገባል። ስኬጉ ከልክ በላይ ከወረደ አፍንጫው ከነፋሱ መሸሽ ስለሚጀምር መልሶ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል።

ስኬጉ አልወርድም ካለ ከባሕሩ ዳር ሲነሱ ጠጠር ወይም የኮራል ስባሪ በቀዳዳው ተሰንቅሮ ይሆናል። ስኬጉን የሚያወርደው ሽቦ ስለሚታጠፍ በኃይል መግፋት አይገባም። በስኬጉ ጫፍ አስቀድሞ ቀጭን ገመድ የታሰረ እንደሆነ ጓደኛ ከኋላ ሆኖ ይስበዋል።

ከሰኔ እስከ መስከረም ከበረሃው ለሚነሳው ኻምሲን ለተባለው ትኩስ ነፋስ ግን ከባሕር መቅረት እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም።

በእነዚያ ወራት ድሬዳዋ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ካያክ በሌላ ችግር ይመለሳል፤ ክዳኑ ተዘግቶ ሳለ የዕቃ ክፍሉ ውሃ ያስገባል። የክዳኑ ጎማ በሙቀት ደርቆ ይሰነጠቃል፤ በዚያ ላይ በክፍሉ ውስጥ የጋለው አየር ባሕር ሲነካው ቀዝቅዞ ስለሚሸማቀቅ በስንጥቁ ውሃ ይስባል። ስለዚህ ጀልባውን በንጹሕ ውሃ አጥቦ ጥላ ሥር ማኖር ያሻል። ከጉዞ በፊትም ጎማውን ወጠር እያደረጉ ዙሪያውን በጣት መዳሰስ፣ የተሰነጠቀውንም እዚያው መቀየር ይገባል።