የተማራችሁበትን የጀርመንኛ ትምህርት ክፍል ከውጭ ሆናችሁ ስትረዱ፦ ከመጽሐፉ ካርቶን በፊት ደውሉ

አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ገብተን ጀርመንኛ የተማርን ሰዎች ለዚያ ክፍል ባለውለታዎች ነን። ዛሬ በቋንቋው እንሠራለን፣ እንጽፋለን፣ ከመሥሪያ ቤት ጋር እንከራከራለን። መነሻችን ግን ያኔ ስህተታችንን ሳይሰለች ያረመን መምህር ነው። ስለዚህ "ክፍላችንን እንርዳ" የሚል ሐሳብ በተነሳ ቁጥር ደስ ይለኛል። የሚያሳስበኝ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ነው።

ብዙ ጊዜ የሚመጣው መጽሐፍ ማሰባሰብ ነው። እኔም አድርጌዋለሁ። ከጓደኞቼ ጋር በየቤቱ እየዞርን ያገለገሉ መጻሕፍት ለቀምን፣ በካርቶን አሸግን፣ የማጓጓዣውን ከኪሳችን ከፍለን ላክን። ከሁለት ዓመት በኋላ አገር ቤት ስገባ ካርቶኖቹን አገኘኋቸው። ግማሾቹ አልተከፈቱም ነበር። መጀመሪያ ተናደድኩ። ከፍቼ ሳይ ግን ጥፋቱ የኛ መሆኑ ገባኝ።

ጀርመንኛ እ.ኤ.አ. በ1996 የአጻጻፍ ደንቡን አሻሽሏል፣ በ2006 ደግሞ ያንኑ ማሻሻያ እንደገና አርሞታል። እኛ የላክናቸው መዝገበ ቃላት ከዚያ በፊት የታተሙ ነበሩ። ዛሬ በሁለት ኤስ የሚጻፈውን "ዳስ" የሚለውን አያያዥ ቃል እንኳ በድሮው ኤስሴት (ß) ፊደል ነው የሚጽፉት። በመማሪያዎቹ ውስጥ ያሉት ሰዎች የሚገበያዩት በማርክ ነው። የዩሮ ኖትና ሳንቲም ሥራ ላይ የዋለው ግን በ2002 ነው። ለዛሬ ፈተና የሚዘጋጅ ልጅ በዚህ ምን ያደርጋል? መምህሩ ይህን እያወቀ በይሉኝታ "እናመሰግናለን" ብሎ ተቀብሎናል።

ስለዚህ መጀመሪያ ደውሉ። የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ አግኙና ጊዜ ወስዳችሁ አውሩ። ስንት ተማሪ አላችሁ? በየትኛው ደረጃ ላይ ናቸው? በምን መጽሐፍ ነው የምታስተምሩት? ስንት መምህር ቀርቷችኋል? ባለፈው ዓመት የትኛው ሥራ በገንዘብ እጦት ቆመ? የመጨረሻዋን ጥያቄ አትዝለሏት። መልሱ ብዙ ጊዜ ከጠበቃችሁት በጣም ያነሰ ነገር ነው። የተበላሸ የድምፅ ማጫወቻ፣ የቀለም ማተሚያ፣ የአንድ መማሪያ ፈቃድ፣ ወይም የፈተና ክፍያ ሊሆን ይችላል።

የፈተናውን ነገር ትንሽ ላብራራው፤ በኔ እምነት ለግል ለጋሽ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። የቋንቋ ችሎታ የሚለካው ከኤ1 እስከ ሲ2 በተዘረጉት ስድስት የአውሮፓ ደረጃዎች ነው። ጀርመን አገር በጀርመንኛ ለሚሰጥ የዲግሪ ትምህርት የሚያመለክት ሰው በአብዛኛው ዴኤስሃ የሚባለውን ፈተና በደረጃ 2፣ ወይም ቴስትዳፍን በአራቱም ክፍሎች ማለትም በንባብ፣ በማዳመጥ፣ በመጻፍና በመናገር በደረጃ 4 ማለፉን እንዲያሳይ ይጠየቃል። የዩኒቨርሲቲ ዲግሪው ብቻውን ይህን ላይተካ ይችላል። እናም ጎበዝ ተማሪ አራት ዓመት ተምሮ፣ ችሎታው እያለው፣ የፈተናውን ክፍያ አጥቶ እቤቱ ይቀመጣል። እኛ ጋ ያ ገንዘብ ከአንድ ሰሞን ወጪ አይበልጥም። ለሱ ግን የወራት ገቢ ነው።

እንዲህ ዓይነቱ ድጋፍ ጨረታ አይፈልግም፣ መጋዘን አይፈልግም፣ ውጤቱም በወራት ውስጥ ይታያል። ክፍያውን በቀጥታ ለፈተና ጣቢያው አድርጉ። ተማሪዎቹን የሚመርጠው ትምህርት ክፍሉ ይሁን፤ መስፈርቱ ግን አስቀድሞ ተጽፎ ይለጠፍ። ከመመዝገባቸው በፊት የሙከራ ፈተና እንዲወስዱ ጠይቁ፤ ያልደረሰ ልጅ ወድቆ ሞራሉ እንዳይነካ ነው። የጀርመን የባህልና የቋንቋ ተቋም የሆነው የጎተ ኢንስቲትዩት የቢ1 እና የቢ2 ፈተናዎች በአራት ሞጁል የተከፈሉ ናቸው። አንዱን የወደቀ ተማሪ ያንኑ ብቻ መድገም ይችላል። ስለዚህ ለድጋሚ የምትይዙት በጀት ሙሉ ክፍያ መሆን የለበትም።

ከተማሪው ቀጥሎ መምህሩ ነው። ጀርመንኛ አሳምሮ የሚችል ሰው ሌላ ቦታ የተሻለ ደመወዝ አያጣም፣ ክፍሉም የሚዳከመው እሱ ሲሄድ ነው። ሆኖም ደመወዝ ለመደጎም አትቸኩሉ። እናንተ ስትደክሙ ድጎማው ይቆማል፣ ከሌላው መምህር ጋርም ቅያሜ ያመጣል። የስልጠና ዕድል ቢሆን ይሻላል። እዚህ ላይ አስቀድማችሁ ያለውን እወቁ። ጎተ ኢንስቲትዩት ከጀርመን ውጭ ላሉ የጀርመንኛ መምህራን የስልጠና ስኮላርሺፕ ይሰጣል። ከ1925 ጀምሮ ያለው የጀርመን የአካዳሚ ልውውጥ አገልግሎት፣ ማለትም ዳአድ፣ መምህራንን ወደ ውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ይልካል፣ በጀርመንና በሌላ አገር የጀርመንኛ ክፍሎች መካከል ያለ ሽርክናንም ይደግፋል። እነሱ የሚሸፍኑትን እናንተ አትድገሙ። ከእነሱ በጀት የሚያመልጠውን ያዙ፦ ለቪዛ ቀጠሮ የሚደረግ ጉዞ፣ የሰነድ ማረጋገጫ፣ የማመልከቻ ትርጉም። ትንሽ የሚመስሉ ግን ስኮላርሺፕ የሚያስቀሩ ወጪዎች እነዚህ ናቸው።

አሁን ወደ ገንዘቡ መንገድ እንምጣ። በግለሰብ አካውንት አትላኩ። ሰውየው የታመነ ቢሆን እንኳ፣ እንዲያውም የታመነ ስለሆነ አትላኩበት። ነገ ሐሜት ቢነሳ ስሙ የሚጠፋው የሱ ነው። በዩኒቨርሲቲው ሂሳብ ይግባ፣ ለትምህርት ክፍሉ ብቻ የሚለይ መጠሪያ ወይም ኮድ ይኑረው። ከመላካችሁ በፊት አጭር የመግባቢያ ሰነድ ተፈራረሙ። ገንዘቡን ማን ያዝዛል? ዩኒቨርሲቲው ለአስተዳደር የሚቆርጠው አለ? ኃላፊው ቢቀየርስ? በዓመቱ ያልወጣ ገንዘብ ወዴት ይሄዳል? ከሁሉም በላይ ግን ገንዘቡ ከገባ በኋላ ለክፍሉ ለመውጣት ስንት ወር እንደሚፈጅ ጠይቁ። በማዕከላዊ ፋይናንስ ውስጥ ተኝቶ የሚቀር ልገሳ ብዙ ነው። እኔ የምመክረው መጀመሪያ ትንሽ ልኮ መንገዱን መፈተን ነው። ደረሰኙ መጣ? ዕቃው ተገዛ? ከዚያ ዋናውን ላኩ።

የምትኖሩበት አገር የግብር ሕግም አለ። ጀርመን የምትኖሩ ከሆነ ለታወቀ በጎ አድራጎት ድርጅት የሰጣችሁትን እስከ ጠቅላላ ገቢያችሁ 20 በመቶ ድረስ ግብር ከሚታሰብበት ገቢያችሁ ላይ ማስቀነስ ትችላላችሁ። እስከ 300 ዩሮ ለሚደርስ ልገሳ በአብዛኛው የባንክ ማስረጃ ይበቃል። ነገር ግን ከአውሮፓ ውጭ ላለ ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ የላካችሁት እዚህ ውስጥ አይቆጠርም። መፍትሔው የደጋፊዎች ማኅበር፣ ጀርመኖቹ ፈርአይን የሚሉትን፣ ማቋቋም ወይም ያለውን መቀላቀል ነው። ለማስመዝገብ ቢያንስ ሰባት አባላት ያስፈልጋሉ። ፊናንስአምት፣ ማለትም የግብር መሥሪያ ቤቱ፣ ደግሞ ውጭ አገር የወጣው ገንዘብ ለተባለው ዓላማ መዋሉን የሚያሳይ ሰነድ ይጠይቃል። ስለዚህ እያንዳንዷን ደረሰኝ አስቀምጡ። አሜሪካ ያላችሁም ያው ነው፤ ቅናሹ የሚገኘው እዚያው በተመዘገበና ገንዘቡን ራሱ በሚቆጣጠር ድርጅት በኩል ስትሰጡ ነው። ብሪታንያ ውስጥ ግብር ከፋይ ሆናችሁ ጊፍት ኤድ በሚባለው የልገሳ ግብር መመለሻ ሥርዓት ብትሰጡ፣ እዚያ የታወቀው ድርጅት በእያንዳንዱ ፓውንድ ላይ 25 ሳንቲም ከመንግሥት ያገኛል።

አንዳንዱ ገና ሲጀመር ዘላለማዊ ፈንድ ማቋቋም ያምረዋል። ሐሳቡ ክቡር ነው። ስሌቱን ግን ተመልከቱት፦ ዋናው እንዳይነካ በዓመት 4 በመቶ ብቻ ቢወጣ፣ 1 ሺህ ዩሮ ለማግኘት 25 ሺህ ዩሮ መተኛት አለበት። ያ ገንዘብ ዋጋው በሚወርድ ምንዛሪ ከተቀመጠ ደግሞ ይቀልጣል። ለጥቂት ሰዎች ስብስብ ወርኃዊ መዋጮ ይቀላል። ጥሩ አርአያ የሚሆነው በጀርመን ከ2011 ጀምሮ ያለው ዶይችላንድስቲፔንዲዩም የሚባለው የተማሪዎች ስኮላርሺፕ ነው። ተማሪው በወር 300 ዩሮ ያገኛል፤ 150ው ከግል ለጋሽ፣ 150ው ከፌዴራል መንግሥት ነው። እናንተም ዩኒቨርሲቲውን "እኛ ይህን ያህል ካመጣን እናንተ ምን ትጨምራላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። ገንዘብ ባይኖረው ክፍል፣ ኢንተርኔት ወይም የመምህር ሰዓት ሊሰጥ ይችላል።

በሥርዓተ ትምህርቱ ግን አትግቡ። የእህታችሁ ልጅ እንዲመረጥም አትደውሉ። ሪፖርት በዓመት አንድ ገጽ ይበቃል፤ በየወሩ የምትጠይቁ ከሆነ መምህሩን ከማስተማር አውጥታችሁ ጸሐፊያችሁ እያደረጋችሁት ነው። ተረጂ ልጆችን አሰልፎ ፎቶ ማንሳትም ይቅር። ነገ የሥራ ባልደረባችሁ ሊሆኑ የሚችሉ ሰዎች ናቸው።

ለኃላፊው ስትደውሉ የሚቀጥለው የፈተና ምዝገባ የሚዘጋበትን ቀን አብራችሁ ጻፉ። ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሩ፦ ባንኩ የሚፈጀው፣ ፋይናንስ ክፍሉ የሚፈጀው፣ ተማሪ ለመምረጥ የሚፈጀው። እኛ ባለፈው ዙር ስንቆጥር ሦስት ወር ተኩል ወጣ። አሁን መዋጯችንን የምንሰበስበው በዚያ ቀን መሠረት ነው።