ብጉርን ለማዳን ሲባል የሚፈጸሙ ስህተቶች

ደሴ ውስጥ በአንድ ፋርማሲ በር ላይ ጥቂት ደቂቃ የቆመ ሰው፣ ያለቀ የክሬም ቱቦ ይዞ መጥቶ «ይህንኑ ስጡኝ» የሚል ወጣት ማየቱ አይቀርም። ቱቦው ላይ ብዙ ጊዜ የሚነበበው ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የሚል ስም ነው፤ ሁለቱም ስቴሮይድ ናቸው፣ የብጉር መድኃኒቶች ግን አይደሉም። ከስህተቶቹ ሁሉ የከፋው ይህ ስለሆነ ከእርሱ እጀምራለሁ።

ስቴሮይድ እብጠትን ስለሚያስታግስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብጉሩ የከሰመ፣ ፊቱም የጠራ ይመስላል፤ የሚያታልለውም ይኸው ነው። ሳምንታት ሲቆጠሩ ግን ቆዳው ይሳሳል፣ ቀጫጭን የደም ሥሮች ብቅ ይላሉ፣ ጉንጭ ላይ ፀጉር ሊበቅል ይችላል፣ ክሬሙ ራሱም መጠናቸው የተቀራረበ ጥቃቅን ብጉሮችን ያወጣል። ሲተዉት ፊት ይቆጣል፣ ያቃጥላል፤ ያንን ለማስታገስ ደግሞ ተመልሶ ይቀባል። ለወራት ሲቀባ የቆየ ሰው የቆዳ ሐኪም እያማከረ ቢያቆም ይሻላል፤ በሥጋ ደዌና በቆዳ ሕክምና ስሙ የሚነሣው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለደሴ ሰው ሩቅ አይደለም።

ሁለተኛው ስህተት ብጉርን የቆሻሻ ውጤት አድርጎ ማሰብ ነው። በጉርምስና ወቅት አንድሮጅን የተባሉት ሆርሞኖች ሲጨምሩ የቆዳ ወዝ አመንጪ ዕጢዎች ይሰፋሉ፤ ወዙ ከሞቱ የቆዳ ሕዋሳት ጋር ተጣብቆ የፀጉሩን ቀዳዳ ይደፍናል፤ በዚያ የታፈነ ቦታ ባክቴሪያ ይራባል፣ ሰውነትም ሲቋቋመው እብጠቱ ይመጣል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከቆዳው ገጽ በታች ስለሆነ በልብስ ሳሙና መፈተግ ቆዳውን ከማስቆጣት በቀር አይደርስበትም። በቀን 2 ጊዜ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና መታጠብ ይበቃል። የጥርስ ሳሙና መቀባትም ቆዳን ያስቆጣል። ሎሚ የተቀባ ፊት ደግሞ ፀሐይ ሲያገኘው ሊቃጠልና ሊጠቁር ይችላል፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደሴ ፀሐዩ፣ አየሩ ቢቀዘቅዝም እንኳ፣ ቀላል አይደለም።

ቅቤ መቀባትን የምወደው ባህል ቢሆንም አንድ ነገር መናገር አለብኝ፦ ከፀጉር ቀልጦ የሚወርድ ቅቤም ሆነ የፀጉር ቅባት በግንባር ዙሪያ ያለውን ቀዳዳ ይደፍናል። ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ሲገቡ ደግሞ ሙቀቱና ላቡ ይጨምራል፤ በጋራዥና በፋብሪካ የሚሠሩ ሰዎች ክንድና ጭን ላይ የሚወጣው ብጉርም አንዳንዴ መንስኤው በማሽን ዘይት የራሰ ልብስ ነው። እንዲህ ላለው ልብስ መቀየር ከመድኃኒት ይቀድማል።

ብጉርን ማፍረጥ ጠባሳ ያስከትላል፣ እንደኛ ባለው ጠቆር ያለ ቆዳ ላይም ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ያንን ምልክት «ማዲያት» ብሎ የማንጫ ክሬም መፈለግ ሌላ ስህተት ነው፤ ማዲያት ራሱን የቻለ ሌላ ችግር ነው።

ትክክለኛውን መድኃኒት ያገኘ ሰው የሚሳሳተው በትዕግሥት ማጣት ነው። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የተባለው የሚቀባ የብጉር መድኃኒት በ2.5 በመቶ ጥንካሬም ይሠራል፣ 10 በመቶው ግን ይበልጥ ያቃጥላል፤ ፎጣንና ነጠላን እንደሚያነጣም ማወቅ ይገባል። አዳፓሊን የተባለው ሌላው የሚቀባ የብጉር መድኃኒት ማታ ማታ አተር በምታህል መጠን፣ በወጣው ብጉር ላይ ብቻ ሳይሆን ብጉር በሚወጣበት አካባቢ ሁሉ ይቀባል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያደርቃል፣ ብጉሩም የባሰበት ሊመስል ይችላል፤ ውጤቱ የሚመዘነው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ቆይቶ ነው። ሠርግ ሊደርስ 10 ቀን ሲቀረው መጀመር ትርፉ ብስጭት ነው። ዶክሲሳይክሊን የመሰለ ፀረ ባክቴሪያ ብቻውንና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ይለምዳል፤ ስለዚህ ከቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጋር፣ ለተወሰኑ ወራት ብቻ ይታዘዛል።

የወር አበባዋ የሚዛባባትና አገጯ ላይ ፀጉር የሚበዛባት ሴት ከክሬም አስቀድማ የሆርሞን ምርመራ ያስፈልጋታል። ጠባሳ ለሚጥለው ከባድ ብጉር የሚሰጠው አይሶትሬቲኖይን ፍቱን ቢሆንም በእርግዝና ወቅት ከተወሰደ በጽንሱ ላይ ከባድ የአካል ጉድለት ያስከትላል፤ ስለሆነም ለእህት የታዘዘውን እህት፣ ለጓደኛ የታዘዘውን ጓደኛ ተካፍሎ የሚውጠው መድኃኒት አይደለም።