አንድ ሰው፣ አራት ካርድ፦ የተደጋገመ ዳታ ሲያጸዱ የሚሠሩ ስህተቶች

«ዳታው ተደጋግሟል፣ አጽዳልን» የሚል ሥራ ድሬዳዋ ውስጥ አይጠፋም። ክሊኒኩም፣ የቁጠባ ማኅበሩም፣ ትምህርት ቤቱም ለዓመታት የሞላውን ኤክሴል ወደ ዳታቤዝ ሲያዞር እዚሁ ጣጣ ላይ ይወድቃል። መነሻው የታወቀ ነው። ታካሚው ካርዱን ቤት ረስቶ ይመጣል። ሰልፉ ረጅም ነው። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ የድሮውን ከምትፈልግ አዲስ ብታወጣለት ይቀላታል። እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ሰው አራት ካርድ ይኖረዋል።

የማጥፊያዋ ትእዛዝ አጭር ናት። ኢንተርኔት ላይ አግኝቶ፣ ቀድቶ ማስኬድ የደቂቃ ሥራ ነው። ጉዳቱ የሚታየው ግን ከወራት በኋላ ነው። ደጋግሜ ያየኋቸውን ልንገራችሁ።

ስም አንድ ከሆነ ሰውም አንድ ነው ማለት

ከሁሉም የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው። ጀማሪው ስምና የአባት ስም ይወስዳል፣ በግሩፕ ባይ (ተመሳሳዩን በሚመድበው ትእዛዝ) ይሰበስባል፣ ከአንድ በላይ የሆነውን ይጠርጋል። ኧረ በድሬዳዋ! እስቲ መጋላ መሃል ቆማችሁ «ሙሐመድ አህመድ!» ብላችሁ ተጣሩና ስንት ሰው ዞር እንደሚል እዩ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ያለን የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው። ሦስቱም ከተወደዱ ጥቂት ስሞች ይወጣሉ። ሦስቱን ብታስገቡም የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ይገጥማሉ።

አንድ ክሊኒክ ውስጥ በስም ብቻ ሲጸዳ የሁለት ፋጡማ ዓሊዎች መዝገብ አንድ ላይ ተደፋ። አንዷ ከሳቢያን የምትመጣ ወጣት ነፍሰ ጡር ናት። ሌላዋ የገንደ ቆሬ እናት ናቸው፣ በዕድሜ የገፉ፣ የስኳር ታካሚ። ወጣቷ ለክትትል ስትመጣ ስክሪኑ ላይ የእሳቸው የሜትፎርሚን ማዘዣ ወጣ። ነርሷ ሁለቱንም በመልክ ስለምታውቃቸው ቆም አለች። ያን ቀን ፈረቃው የሌላ ሰው ቢሆን ኖሮስ?

ስለዚህ ስምን ከሌላ ነገር ጋር እንጂ ብቻውን አትመኑት። የእናት ስም፣ የትውልድ ዓመት፣ ቀበሌ ጨምሩ። የፋይዳ ቁጥር ካለ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል፤ 12 አሃዝ ነው፣ የሚሰጠውም ለአንድ ሰው ብቻ ነው። የቆየው መዝገብ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ አታገኙትም።

ስሙ በሌላ ፊደል ስለተጻፈ ሌላ ሰው ነው ማለት

ይሄ የዚያ ተቃራኒ ነው። «ፀሐይ» የሚለውን ስም ውሰዱ። መጀመሪያው ፀ ወይም ጸ ሊሆን ይችላል። መሃሉ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ። ስታባዙት 12 አጻጻፍ ይወጣል፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው የሚነበበው። ለኮምፒውተሩ ግን 12 የተለያዩ ቃላት ናቸው። ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር የሚሰጠው ደንብ ዩኒኮድ ይባላል፤ በእሱ የ16 ቤት አቆጣጠር የሀ ቁጥር 1200፣ የሐ 1210፣ የኀ ደግሞ 1280 ነው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐም እንዲሁ።

መፍትሔው ሌላ አምድ መጨመር ነው። ስሙ እንደተጻፈ ይቀመጥ፣ አትንኩት። አጠገቡ የመፈለጊያ አምድ አዘጋጁና እዚያ ላይ ሞክሼዎቹን ወደ አንድ አምጡ። ሠ ወደ ሰ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ዐ ወደ አ፣ እስከ ሰባተኛው ፊደል ድረስ። ሃ እና ሀን፣ ኣ እና አንም አትርሱ። ከስሙ ፊትና ኋላ ያለውን ባዶ ቦታ፣ መሃል ላይ ሁለቴ የተመታውን ስፔስ፣ አንዳንዱ በሁለት ነጥብ «ሐሊማ፡አብዲ» ብሎ ያያያዘውንም አስተካክሉ።

የድሬ ሰው እንደሆናችሁ ግን ይሄ እንደማይበቃ ታውቃላችሁ። ሙሐመድ፣ መሐመድ፣ ሞሐመድ አለ። ዓኢሻ፣ አይሻ፣ አሻ አለ። ጸሐፊው ሶማሊኛ ተናጋሪ ከሆነ አንድ ዓይነት፣ ኦሮምኛ ተናጋሪ ከሆነ ሌላ፣ ሐረሪ ከሆነ ደግሞ ሌላ ይሰማል። ከወረዳ የመጣው ወረቀት ላይ ስሙ በላቲን ፊደል ይሆናል። ይህን ኮድ ብቻውን አይፈታውም። የሚመሳሰሉትን ሰብስቦ ዝርዝር ማውጣት የኮዱ ሥራ ነው። «አዎ፣ አንድ ናቸው» የሚለው ግን ካርድ ክፍል ያለው ሰው ነው። ጀማሪዎች እንደዚህ ስል ቅር ይላቸዋል፣ ሁሉም ነገር በትእዛዝ እንዲያልቅ ይፈልጋሉ። ከሦስት ቀን የወረቀት ሥራ ጋር ተቀመጡ፣ ለዘለቄታው ትገላገላላችሁ።

ባዶውን እኩል አድርጎ መቁጠር

አንድ የቁጠባ ማኅበር የአባላቱን ዝርዝር በስልክ ቁጥር እንዲያጸዳ አንድ ልጅ ቀጠረ። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ሮው ነምበርን ያውቃል። በስልክ ቁጥር ከፋፈለ፣ ለእያንዳንዱ ረድፍ ተራ ሰጠ፣ ተራ 1ን አስቀርቶ ሌላውን አጠፋ። በትክክል ሠራ፣ በከተማው ዝርዝር ላይ። ከገጠር ቀበሌዎች የመጡት እናቶች ግን ብዙዎቹ ስልክ የላቸውም፣ ቦታው ባዶ ነው። ዳታቤዙ ባዶዎቹን ሁሉ እንደ አንድ ምድብ ቆጠራቸው። አንዲት እናት ቀረች፣ የቀሩት ሁሉ ጠፉ። የታወቀው እናቶቹ ገንዘባቸውን ሊያወጡ ሲመጡ ነው።

ግራ የሚያጋባው፣ ባዶ ነገር (ዳታቤዙ NULL የሚለው) እንደየቦታው ጠባዩ ይለያያል። ስትመድቡ ባዶና ባዶ አንድ ላይ ይገባሉ። በእኩል ምልክት ስታወዳድሩ ግን ባዶ ከባዶ ጋር እኩል አይሆንም። ድግግሞሽ የሚከለክለው ዩኒክ የሚለው ገደብ ደግሞ በፖስትግሬስና በማይኤስኪውኤል ዳታቤዞች ባዶዎችን ያለ ቁጥር ያሳልፋል፣ የማይክሮሶፍቱ ኤስኪውኤል ሰርቨር ግን አንድ ብቻ ነው የሚፈቅደው። ስለዚህ ከመጀመሪያውኑ ባዶ ያለበትን ረድፍ ከሥራው አውጡና ለብቻው እዩት። ቦታው ባዶ እንዳይሆን ተብሎ የተሞላ 0900000000 ካለም እሱም ባዶ ነው።

ስልክ ቁጥርን ሳያስተካክሉ ማወዳደር

0915 ብሎ የጻፈ አለ፣ +251915 ያለ አለ። ኤክሴል ደግሞ ፊት ያለችውን 0 ይበላታል። የመጨረሻዎቹን 9 አሃዞች ብቻ አወዳድሩ። «በ09 ካልጀመረ ስህተት ነው» የሚል አሮጌ ማጣሪያ ካላችሁ ዛሬውኑ ጣሉት። ሳፋሪኮም በፈረንጆቹ 2022 ነሐሴ ላይ ሙከራውን የጀመረው እዚሁ ድሬዳዋ ነው፣ የ07 ቁጥር እዚህ አዲስ ነገር አይደለም። እና በአንድ ስልክ አምስት ሰው ይመዘገባል፤ የባል ስልክ፣ የጎረቤት ስልክ። ቁጥሩ የሰው መለያ አይደለም።

የዘመን አቆጣጠርን መርሳት

መስከረም 5 ቀን 1990 የተወለደችው ልጅ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 15 ቀን 1997 ናት። አንዱ መዝጋቢ በዚህ፣ ሌላው በዚያ ከጻፈ አንድ ሰው ሁለት ይሆናል። «ዕድሜ 30» የሚል አምድ ደግሞ በየዓመቱ ይለወጣል፣ ለማወዳደሪያ አይሆንም።

በዲስቲንክት ጠፋ ብሎ ማሰብ

ዲስቲንክት የሚለው ትእዛዝ የተደጋገመውን አንዴ ብቻ ያሳያል እንጂ አያጠፋም። መለያ ቁጥሩንም ከጨመራችሁበት ሁሉም ረድፍ ተመልሶ ይመጣል።

አንዱን አስቀርቶ ሌላውን መጣል

ኤክሴል ላይ ድግግሞሽ አስወግድ ስትሉት የመጀመሪያውን ረድፍ ያስቀራል። ከዚያ ልማዱ ወደ ዳታቤዝ ይመጣል። የመጀመሪያው ረድፍ ግን ብዙ ጊዜ ከሁሉም የደኸየው ነው፤ ስልክ የለው፣ ቀበሌ የለው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ከጀርባ ያለው ነው። ከእያንዳንዱ ካርድ ጋር የላቦራቶሪ ውጤት፣ ማዘዣ፣ ክፍያ ተያይዟል። ሠንጠረዡ ላይ ኦን ዲሊት ካስኬድ ተደርጎ ከሆነ ካርዱን ስታጠፉ ያ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ምንም ማስጠንቀቂያ አይሰጥም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። የሚቀረውን ካርድ ምረጡ። የጎደለውን ከሌሎቹ ሙሉበት። ውጤቱንና ክፍያውን ወደሱ ቁጥር አዙሩ። የቀሩትን ካርዶች አታጥፏቸው፣ «ከዚህ ቁጥር ጋር ተዋህዷል» የሚል አምድ ሙሉና ተዉአቸው። ታካሚው ነገ የሚይዘው የድሮውን የወረቀት ካርድ ነው። ያን ቁጥር ስትመቱ አዲሱን ካላመጣላችሁ ሌላ አዲስ ካርድ ይወጣለታል።

ሳያዩ ማጥፋት

ባካፕ ውሰዱ፤ ወስዳችሁም መልሶ መከፈቱን ሞክሩ። ዲሊት ከመምታታችሁ በፊት ያችኑ ትእዛዝ በሰሌክት (በማሳያው ትእዛዝ) አስኬዱና ረድፎቹን ቁጠሩ። በትራንዛክሽን ውስጥ (እስክታጸድቁት ድረስ በሚመለስ ሥራ) ሥሩ፣ ቁጥሩ ካልገጠመ ሮልባክ ብላችሁ ወደነበረበት መልሱ። የማይኤስኪውኤል ሠንጠረዡ ማይአይሳም (ትራንዛክሽን የማይችለው ዓይነት) ከሆነ ግን ሮልባክ አይሠራም፣ አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

በሩን ክፍት ትቶ መሄድ

አጽድታችሁ ስትጨርሱ ዩኒክ ገደብ በካርድ ቁጥሩና በፋይዳ ቁጥሩ ላይ አድርጉ። በስም ላይ አታድርጉ፣ ለምን እንደሆነ ከላይ ብያለሁ። ከዚያ ካርድ ክፍል ሄዳችሁ ከልጅቷ ጎን ግማሽ ቀን ተቀመጡ። የፍለጋው ሳጥን ስሙን በመፈለጊያው አምድ ካልፈለገላት፣ ወይም ለመልስ ካስጠበቃት፣ አዲስ ካርድ ማውጣቷን ትቀጥላለች። ሦስት ፊደል ስትመታ የሚመሳሰሉት ከእናት ስምና ከቀበሌ ጋር ወዲያው ይውጡላት። «አዲስ ካርድ» የሚለው ቁልፍ ደግሞ ፍለጋው ካለቀ በኋላ ብቻ ይታይ።