የጋዝ መከላከያ ጭምብል አመራረጥና አጠላለቅ

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ጭምብል የማያድንበት ቦታ ነው። ማጣሪያ ያለው ጭምብል አየሩን ያጣራል እንጂ ኦክስጅን አይፈጥርም፤ ስለዚህ የኦክስጅኑ መጠን ከ19.5 በመቶ በታች በወረደበት ጉድጓድ ወይም ዝግ ታንከር ውስጥ ማንኛውም ማጣሪያ ዋጋ የለውም። ከሞተርና ከከሰል የሚወጣውን ካርቦን ሞኖክሳይድም የተለመዱት ማጣሪያዎች አያስቀሩትም።

ቀጥሎ ማጣሪያውን ከጋዙ ጋር ማዛመድ ያስፈልጋል። በአውሮፓ ደረጃ ማጣሪያዎች በቀለም ይለያሉ፤ ቡናማው ለቲነርና ለመሰል ትነቶች፣ ግራጫው ለክሎሪን፣ ቢጫው ለሰልፈር ዳይኦክሳይድ፣ አረንጓዴው ለአሞኒያ ሲሆን፣ ነጩ የሚይዘው ብናኝ ብቻ ነው። የአሜሪካው አሰያየም ስለሚለይ ከቀለሙ ይልቅ በላዩ የተጻፈውን ማንበብ ይሻላል። የሕክምና ማስክ ጋዝን ፈጽሞ አያግድም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ፊት ላይ በሚያሳርፍበት ጊዜ ነው። ቫርኒሽ ስቀባ ራሴን ባመመኝና ሽታው ባልጠፋ ጊዜ ጥፋቱን በማጣሪያው ላይ ጥዬ አዲስ ገዛሁ፤ ሽታው ግን እንደነበረ ቀጠለ። ለካ ጥፋተኛው የሦስት ቀን ጢሜ ነበር፤ ጎማው ከቆዳው ጋር መገጣጠም ሲገባው በጢሙ ላይ ተንሳፎ፣ አየሩ ሳይጣራ በጎን ይገባ ነበር። ጎማው የሚያርፍበት ቦታ ሁሉ መላጨት አለበት።

ማሰሪያው እኩል ይጥበቅ፤ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ጎማው ተጣሞ ክፍተት ይፈጥራል። ከዚያም የማጣሪያዎቹን መግቢያ በመዳፍ ሸፍነው በቀስታ አየር ይሳቡና ለ10 ሰከንድ ያህል ትንፋሽዎን ይያዙ፤ ጭምብሉ ወደ ፊትዎ ተስቦ እንደተጣበቀ ከቆየ ደህና ነው። ቀጥሎ ትንፋሽ የሚወጣበትን ቫልቭ ሸፍነው በቀስታ ይተንፍሱ፤ በአፍንጫዎ አጥንት ግራና ቀኝ ነፋስ ከተሰማዎ ከአገጭ ጀምረው እንደገና ያስተካክሉት። ይህ ሙከራ አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም፤ ጭምብሉን ባጠለቁ ቁጥር መደገም አለበት።

የተከፈተ ማጣሪያ ሥራ ባይሠራበትም ከአየሩ እርጥበትና ትነት እየሳበ ስለሚዳከም፣ የተከፈተበት ቀን ተጽፎበት አየር በማያስገባ ከረጢት ይቀመጥ። በሥራ ላይ ሽታ ከመጣ መጀመሪያ ንጹሕ አየር ወዳለበት መውጣት፣ ጭምብሉንም እዚያ ማውለቅ ነው። ሽታ ጠፋ ማለት ግን ሁልጊዜ አደጋው ጠፋ ማለት አይደለም፤ የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ፣ ሲበዛ የማሽተት ስሜትን ያደነዝዛል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ከመጀመሪያውም ሽታ የለውም።