የማጂክ ላንተርን ብርሃን ዳር ዳሩ ሲጨልም

በቪክቶሪያ ዘመን እንግሊዝ የተሠራ ማጂክ ላንተርን ነው፤ ስላይድ በሚባል መስታወት ላይ ያለን ሥዕል በብርሃን ግድግዳ ላይ የሚያሳይ የድሮ መሣሪያ። ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ክብ ብርሃን መሐሉ ደማቅ፣ ዳር ዳሩ ግን ቡናማ ጥላ ነበረው። ጥፋቱ የፊት ሌንሱ አልነበረም፤ ብርሃን ሰብሳቢዎቹ ሁለት ሌንሶች ለጽዳት ወጥተው ሲመለሱ ተገልብጠዋል። ስፋታቸው 10 ሳንቲ ሜትር ነው፤ አንድ ጎናቸው ጠፍጣፋ፣ ሌላው ጎበጥ ያለ። ጎባጣዎቹ ፊት ለፊት መተያየት፣ ጠፍጣፋዎቹ ወደ ውጭ መዞር አለባቸው።

ሌንሶቹን የሚይዘውን የነሐስ ቀለበት ስታጠብቁ እጃችሁን ያዝ አድርጉ። ሌንሱ በጣት ሲነካ ትንሽ መንቀሳቀስ አለበት፤ መስታወት ሲሞቅ ይሰፋል፣ መፈናፈኛ ካጣ ይሰነጠቃል። ቀለበቱ ዙሪያ ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎችም ለጌጥ አይደሉም፤ በሌንሶቹ መሐል የታመቀው እርጥበት የሚወጣው በእነሱ ነው። የደረቀ የነሐስ ማጽጃ ደፍኗቸው ስለነበር በስቴኪኒ ተከፈቱ። የያኔዎቹ ባለሙያዎች እስከዚህ ድረስ ማሰባቸው በእውነት ያስደንቃል።

ቀጥሎ መብራቱ። ስላይድ ሳይገባ፣ ክቡ ከዳር እስከ ዳር እኩል እስኪነጣ መብራቱን ወደፊትና ወደኋላ መግፋት ነው። ከልክ በላይ ከተጠጋ ወይም ከራቀ ጥላው ይመለሳል። በየአቅጣጫው 8.3 ሳንቲ ሜትር የሆነው የመስታወት ስላይድ የሚገባው ተዘቅዝቆ ነው።